የሻይ ሳጥኑን አትፋቁት

የመጀመሪያውን የሻይ ሳጥኔን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ አያቴ ቤት፣ ጓዳ ጥግ ላይ ድንች የሚቀመጥበት አሮጌ ሳጥን ነበር። ድንቹን ጆንያ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ሳጥኑን ግቢ አወጣሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁና ቀኑን ሙሉ ስፍቀው ዋልኩ። ወደ ማታ ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ትናንት ከአናጢ ቤት የወጣ የሚመስል ኮምፔንሳቶ ፊት ቆሜ ክንዴን አሻለሁ። አያቴ ወጥታ አየችው። «ጽሑፉስ?» አለችኝ። «ፊደሉን ባላነበውም መልኩን አውቀው ነበር እኮ። አሁን ይሄ የማን ሳጥን ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሳጥን ሰብስቤአለሁ። አራቱን ለሰው ሰጥቻለሁ፣ ሰባቱ ቤቴ አሉ፣ አንዱንም አልፋቅኩም። የምትቸኩሉ ከሆነ እስከዚህ ያነበባችሁት ይበቃችኋል፤ አትፋቁት። ጊዜ ያላችሁ ቀጥሉ።

በመጀመሪያ ስለ የትኛው ሳጥን እንደምናወራ እንግባባ። «የሻይ ሳጥን» ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ የጭነት ሳጥን ነው፤ ሻይ ከእርሻው ወጥቶ በመርከብ የሚጓዝበት። ከፍታው ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎኖቹ ስስ ኮምፔንሳቶ ናቸው። ውስጡ በየማዕዘኑ ቋሚ እንጨት አለው፤ ውጭውን ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ስስ ቆርቆሮ በትንንሽ ሚስማር ተመትቶበታል። ሲሞላ 50 ኪሎ አካባቢ ሻይ ይይዝ ነበር። ውስጡ ሻዩ እርጥበት እንዳይስብ በወረቀትና በብረት ቅጠል ይሸፈናል (ወደዚህ ብረት እመለስበታለሁ፣ ቀልድ አይደለም)። ከኮምፔንሳቶ በፊት ከቻይና የሚመጣው ሻይ በጣውላ ሳጥን ነበር የሚጫነው። ኮምፔንሳቶው የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው፤ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የወረቀት ከረጢት እየተካው ሄደና ሳጥኑ ከገበያ ወጣ።

ትንሹ የቤት ሳጥን ነው። እንግሊዝ አገር ሻይ እንደ ወርቅ ውድ በነበረበት ዘመን እመቤቲቱ ቁልፉን ይዛ የምትቆጣጠረው፣ ከማሆጋኒና ከመሳሰለው ጥሩ እንጨት የተሠራ፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ሳጥን ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሁለት ክፍል አለው፣ አንዱ ለጥቁሩ ሌላው ለአረንጓዴው ሻይ። የእንግሊዝኛ ስሙ የመጣው 600 ግራም ገደማ ከሚሆን የማላይ ሚዛን ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1784 እንግሊዞች የሻይን ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ አወረዱት። ከዚያ በኋላ ሻይ የሁሉም ሰው መጠጥ እየሆነ ሄደ፣ ቁልፉም ከፍርሃት ይልቅ ለጌጥ ቀረ። ጃፓኖችም ከጽድ ጋር የሚዛመድ እንጨት ይዘው ውስጡን በቆርቆሮ የሚሸፍኑት የራሳቸው የሻይ ሳጥን አላቸው፤ ልብስ ያስቀምጡበታል፣ ዛሬ ዛሬ በጨርቅ አልብሰው መቀመጫ ያደርጉታል።

እኛ አካባቢ የምታገኙት ትልቁን ነው። ትንሹን ሰሜን ሸዋ ውስጥ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት፣ እሱንም ከውጭ የተመለሰች ሴት በሻንጣዋ ይዛው የመጣች ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው በአብዛኛው ስለ ትልቁ ነው።

የት ይገኛል?

ሱቅ ውስጥ አትፈልጉት። ማንም «የጥንት የሻይ ሳጥን» ብሎ አይሸጥም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥ ካገኛችሁ ዋጋው ቀድሞ ጣራ ነክቷል ማለት ነው። ሳጥኑ ያለው ሥራ ላይ ነው። የከሰል ማስቀመጫ ሆኗል፣ የዶሮ ቤት ሆኗል፣ የልጅ ደብተርና የተበላሸ ራዲዮ ይዞ አልጋ ሥር ተኝቷል። ከደሴ መንገድ ዳር ያሉ አሮጌ ሻይ ቤቶች ጓሮ ጥሩ ነው፤ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት፣ አጣዬ። ቤት ሲፈርስ ወይም ሰው ሲለቅ አካባቢውን ማየት ነው። ቆራሌውን ተዋወቁት። ስልካችሁን ስጡትና የሳጥኑን ፎቶ አሳዩት፤ እኔ ሦስቱን ያገኘሁት በእሱ በኩል ነው። አዲስ አበባ ከሄዳችሁ ምናለሽ ተራ አንድ ሰዓት ማጥፋት አይጎዳም፤ ግን 130 ኪሎ ሜትር ሚኒባስ ላይ ሳጥን ጭኖ መመለስን አስቡበት፣ ረዳቱ የሰው ሒሳብ ነው የሚያስከፍላችሁ።

አጠያየቅ ላይ ትሕትና ያስፈልጋል። ደብረ ሲና አንድ ሱቅ ጓሮ ያየሁትን ሳጥን ለመግዛት ባለቤቱን ሳናግር ነገሩ እንዲህ ሄደ፦

«ጋሼ፣ ያ ከጀርባ ያለው ሳጥን የእርስዎ ነው?»

«የቱ? የከሰሉ?»

«አዎ፣ እሱ።»

«እና?»

«ይሸጡልኝ ይሆን ብዬ ነው። የሻይ ሳጥን ስለሆነ…»

«ሻይ ካማረሽ ግቢና ጠጪ እንጂ ሳጥኑን ምን ታደርጊዋለሽ!»

ገባሁ፣ ጠጣሁ። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ችግሩ ገንዘብ እንዳልሆነ ገባኝ። ሳጥኑን ቢሸጡልኝ ከሰሉን የት ያድርጉት? ተነሥቼ ከጎረቤት ሱቅ ክዳን ያለው ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ገዝቼ መጣሁ። ተለዋወጥን። ሁለታችንም ያተረፍን መሰለን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳጥን ፍለጋ ስወጣ በአእምሮዬ የያዝኩት የብር መጠን ሳይሆን ምትክ ዕቃ ነው፤ በርሜል፣ ጀሪካን፣ ባልዲ። ለትልልቅ እናቶች ደግሞ ልዋጩ ብቻ አይበቃም፣ ተቀምጦ ማውራትም አለበት። ሳጥኑ ከየት እንደመጣ የሚነግሯችሁ ያኔ ነው፤ የሚነግሯችሁን ጻፉት፣ በወረቀት፣ ወረቀቱንም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡት።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። የድሮ ዕቃ ትፈልጋለች ተብሎ ስማችሁ ከወጣ ሌላም ነገር ይመጣላችኋል፤ የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የወጣ ሳጥን። አትንኩት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ አዋጁ ባይኖር እንኳ የደብር ዕቃ ሳሎን ውስጥ አይቀመጥም።

ሲያሳዩዋችሁ ምን ታያላችሁ?

ጽሑፉን። ሁልጊዜ መጀመሪያ ጽሑፉን። የፊደል ቅርጽ ተቆርጦ በወጣለት ቆርቆሮ በኩል በቀለም የተመታው ጥቁር ፊደል የሳጥኑ መታወቂያ ነው፤ የእርሻው ስም፣ የሻዩ ደረጃ፣ የሳጥኑ ተራ ቁጥር፣ ሦስት ዓይነት ክብደት፣ አንዳንዴም የወደብ ስም። በላቲን ፊደል ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ፎቶ አንሥታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። «ቢ ኦ ፒ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ካያችሁ የተሰባበረ ቅጠል ማለት ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው «ኦ» የሚወክለው «ኦሬንጅ» የሚለው ቃል ከብርቱካን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፣ እኔ ለሁለት ዓመት የብርቱካን ሻይ ነው እያልኩ ለእንግዳ ሳስረዳ ኖሬአለሁ። «ደስት» የሚል ከሆነ ደግሞ የደቀቀው፣ ቶሎ የሚጠቁረው ሻይ ነው።

ዕድሜውን ለመገመት የአገር ስም ይረዳል። ሳጥኑ ላይ «ታንጋኒካ» ወይም «ኒያሳላንድ» ካለ ከ1964 (እ.ኤ.አ.) በፊት ወይም እዚያው አካባቢ ነው፤ በዚያ ዓመት ነው አንዷ ታንዛኒያ፣ ሌላዋ ማላዊ የሆኑት። «ሲሎን» ብቻውን አያስተማምንም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ስሟን ስሪ ላንካ ብትልም ሻይዋ እስከ ዛሬ ሲሎን ይባላል። ክብደቱ በፓውንድ ከተጻፈ ብዙውን ጊዜ በኪሎ ከተጻፈው ይበልጣል፣ በዕድሜ ማለቴ ነው።

ክብደቱ ሌላ ጥቅምም አለው። ሦስቱ ቁጥሮች ሙሉው ክብደት፣ የባዶ ሳጥኑ ክብደትና የሻዩ ክብደት ናቸው። ከመጀመሪያው ሁለተኛውን ስትቀንሱ ሦስተኛውን መስጠት አለበት። አሁን አሁን ለሆቴልና ለካፌ ጌጥ እየተባለ ያረጀ አስመስለው የሚሠሩት ሳጥኖች ላይ ቁጥሩ እንዲሁ ለውበት የተደረደረ ስለሆነ ሒሳቡ አይገጥምም። ከጠረጠራችሁ ባዶውን ሳጥን እህል ቤት ወስዳችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ከተጻፈው ጋር በጣም ከተራራቀ ወይ ክዳኑና ሽፋኑ ጠፍቷል፣ ወይ እየተሸወዳችሁ ነው። የመስቀል ካቻቢቴ የሚፈልግ ብሎን ካያችሁም ጠርጥሩ፤ እንዲህ ያለ ብሎን ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፊት አልነበረም፣ ቢያንስ ቢያንስ ሰው ጠግኖታል ማለት ነው። ትክክለኛው የሻይ ሳጥን ብሎን ሳይሆን ሚስማር ነው የሚበዛበት።

አንኮበር ላይ አንድ ሰው ሳጥን ሲያሳየኝ «ይሄ እንግሊዞቹ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ገጸ በረከት ይዘው ሲመጡ የመጣ ነው» አለኝ። ታሪኩ እውነት ነው፤ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክት እ.ኤ.አ. በ1841 አንኮበር ገብቷል፣ ውልም ተፈራርሟል። ሳጥኑ ግን ኮምፔንሳቶ ነበር። ኮምፔንሳቶ የሻይ ሳጥን የመጣው ከዚያ ከ50 ዓመት ያህል በኋላ ነው። ለሰውየው ይሄን ብነግረው ቅር ይለዋል ብዬ ዝም አልኩ፤ ዋጋውን ግን በንጉሥ ዘመን ሒሳብ ሳይሆን በኮምፔንሳቶ ሒሳብ ነው የተከራከርኩት። ገዛሁት፣ ቆንጆ ነው፣ ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው።

ከጽሑፉ ቀጥሎ ታችኛውን ክፍል ገልብጣችሁ እዩ። ሳጥን የሚበሰብሰው ከታች ነው። ኮምፔንሳቶው እንደ እንጀራ ድርብ ድርብ እየሆነ ከተላቀቀ የድሮው ኮላ ውኃ ጠጥቷል፤ ትንሽ ከሆነ ይጠገናል፣ ግማሹ ከሆነ ተዉት። ማዕዘኖቹን ያዙና በሰያፍ ገፋ አድርጉት፤ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጡ፣ ቢጮህ አትደንግጡ፣ ቢጣመም ግን ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ለቋል። የጠርዙ ቆርቆሮ ሲነሣ እንደ ምላጭ ነው። ጓንት አድርጉ፣ ካልሆነ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ፍለጋ ጤና ጣቢያ ትቀመጣላችሁ፤ ከልምድ ነው የምናገረው።

ውስጡ ያለው ብረት

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሳጥኑን ከውስጥ የሚሸፍነው ብረት በቆዩት ሳጥኖች ላይ እርሳስ ነው፤ የመጻፊያው እርሳስ ሳይሆን ጥይት የሚሠራበት ብረት። በኋላ የመጡት አሉሚኒየም ናቸው። እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት፤ አቧራው በእጅ ወደ አፍ ይገባል። እንዴት ትለዩታላችሁ? አሉሚኒየሙ ያብረቀርቃል፣ ቀላል ነው፣ ሲጨማደድ ይንኮሻኮሻል። እርሳሱ ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ ለስሙ ስስ ቢሆንም ይከብዳል፣ ሲታጠፍ ድምፅ የለውም፣ በጥፍር ይጫራል፣ ነጭ ወረቀት ላይ ብታሹት ግራጫ መስመር ያሰምራል። ከተጠራጠራችሁ እርሳስ ነው ብላችሁ ያዙት።

እርሳስ ከሆነ አትፋቁት፣ አታቃጥሉት፣ በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት። ጓንትና ማስክ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን ጣሉት። እንዳለ መተው ከፈለጋችሁ በላዩ ላይ በልኩ የተቆረጠ ካርቶን ወይም ስስ ኮምፔንሳቶ ግጠሙበትና እንዲሸፈን አድርጉ። እህል፣ በርበሬ፣ ቡና፣ የሕፃን ልብስና መጫወቻ እንዲህ ያለው ሳጥን ውስጥ አይገባም። ትንሹ የእንግሊዝ ሳጥን ቢገጥማችሁም ያው ነው፤ ውስጡ ግራጫ የብረት ሽፋን ካለው መልሳችሁ ሻይ እንዳትከቱበት። ሰው ይሄን ሲሰማ «አያቶቻችን ምን ሆኑ?» ይላል። አያቶቻችን ድንቹን ልጠው ቀቅለው ነው የሚበሉት።

ነቀዝ፣ ሽታ፣ ዝገት

አዲስ ሳጥን ቀጥታ ቤት አታስገቡ። ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ፣ ጥቁር ላስቲክ ላይ አስቀምጡት። በየሁለት ቀኑ በመዳፋችሁ መታ መታ አድርጉትና ላስቲኩን እዩ። አዲስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ በሕይወት አለ፤ ቀዳዳ ብቻ ኖሮ ዱቄት ከሌለ እንግዳው ከሄደ ቆይቷል። ደብረ ብርሃን ላይ «የኅዳር ውርጭ ይገድለዋል» የሚሉ አሉ። አይገድለውም። ነቀዝን በብርድ ለመግደል ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በላይ ብርድ ለቀናት ያስፈልጋል፣ የኛ ውርጭ ድንች ነው የሚያቃጥለው። ሙቀቱ ይሻላል። ሳጥኑን በጥቁር ላስቲክ ጥቅልል አድርጋችሁ፣ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር አሽጋችሁ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ማዋል ነው፤ እንጨቱ ውስጥ 55 ዲግሪ ከደረሰ አለቀለት። እኔ ሸዋ ሮቢት ያለች አክስቴ ጋ ነው የምልከው። እሷም «ሌላው ሰው ቆላ የሚመጣው ለጉንፋን ነው፣ አንቺ ሣጥን ትልኪልኛለሽ» ትለኛለች። ለተለበጠና ለተወለወለ ውድ እንጨት ግን ይሄን አታድርጉ፣ ሙቀት ልባጡን ያነሣዋል።

አቧራውን በቀለም ብሩሽ፣ በአዲስና በለስላሳው፣ ከላይ ወደ ታች አራግፉ። ከዚያ ጨርቅ በለዘብታ ውኃና በጥቂት ሳሙና ነክራችሁ በደንብ ጨምቃችሁ ጥረጉ። ጽሑፉን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ፊደል ጥግ ላይ ሞክሩ፤ ጥቁሩ ጨርቁ ላይ ከመጣ አቁሙ፣ እዚያ ቦታ ላይ ደረቅ ብሩሽ ብቻ። ውኃ አታፍስሱበት። የግቢ ቧንቧ ሥር አስቀምጠው በጎማ የሚያጥቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ በማግሥቱ ሳጥኑ ጎመን ይመስላል። የላምባ ወይም የዶሮ ሽታ ካለው ከሰል በሳህን ውስጡ አስቀምጣችሁ፣ አፉን ከድናችሁ አንድ ሳምንት ተዉት፤ ካልለቀቀ ከሰሉን ቀይራችሁ ድገሙት። ዝገቱን በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀለል አድርጋችሁ እሹት፣ ቆርቆሮው ላይ ብቻ። የተነሣውን ጠርዝ በትንሽ መዶሻ መልሳችሁ ምቱት፤ የድሮው ሚስማር ከወጣ ቀዳዳው ውስጥ ክብሪት እንጨት በኮላ ከትታችሁ ያንኑ ሚስማር መልሱት።

የተላቀቀውን ኮምፔንሳቶ ለመጠገን የእንጨት ኮላ በቢላ ጫፍ በመሐሉ አስገቡ፣ ላስቲክ አድርጉበት፣ ሁለት ጣውላ መሐል አድርጋችሁ እሠሩት ወይም ድንጋይ ጫኑበት። አንድ ቀን ተኩል። በክረምት ከሆነ ሁለት ቀን፤ የአንኮበር ጉም ባለበት ኮላ ቶሎ አይደርቅም።

በቫርኒሽ አትቀቡት። ያብረቀርቃል፣ ጽሑፉ ከጀርባው ብርጭቆ ያለ ይመስላል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ማንሣት አትችሉም። ሰም ነው የሚሻለው። ጠጅ ከምትጥል ሴት ሰፈፍ ለምኑ፣ ከውኃ ጋር አፍልታችሁ በነጠላ ቁራጭ አጥልሉት፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋው ንጹሕ ሰም ነው። እሱን በጣሳ አድርጋችሁ፣ ጣሳውን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አቅልጡ። ከዚያ እሳቱን አጥፉና ውጭ ወጥታችሁ አንድ እጅ ሰም ከሆነ አራት እጅ አኳራጅ ጨምሩ፣ አማስሉ። እሳት አጠገብ ካደረጋችሁት ሳጥኑም ወጥ ቤቱም ይሄዳል። ሲረጋ እንደ ቅቤ ይሆናል። በጨርቅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ግማሽ ሰዓት ቆይታችሁ በደረቅ ጨርቅ ወልውሉ። በዓመት አንዴ ይበቃዋል፣ እኔ ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ ነው የማደርገው። የተልባ ዘይት የሚሉም አሉ። ዘይቱ ጽሑፍ ለሌለው ጣውላ ሳጥን ይሆናል፣ ኮምፔንሳቶን ግን ያጠቁረውና ፊደሉ ይሰወራል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል እንደሚችል ደግሞ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ቤት ውስጥ

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያ የለኝም፣ ስሕተት ግን ብዙ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ አምስት ሳጥን ሳሎን አሰለፍኩ። ባለቤቴ ገብቶ ዙሪያውን አየና «ጉምሩክ የሚመጣው ስንት ሰዓት ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ ክፍል አንድ ሳጥን፣ ቢበዛ ሁለት የተደራረቡ። ጽሑፉ ያለበት ጎን ወደ ሰው ይዙር፣ ግን በቀጥታ የመስኮት ፀሐይ የሚመታው ቦታ አይሁን፤ የደጋ ፀሐይ ባይሞቅም ቀለም ይበላል። ነጭ በኖራ የተቀባ ግድግዳ ያሳምረዋል። ባለ አበባ መጋረጃና ባለ ወርቅ ቡፌ አጠገብ ከሆነ ግን የተረሳ ዕቃ ይመስላል።

ከግድግዳው አራት ጣት ፈቀቅ አድርጉት። የድንጋይም ሆነ የጭቃ ግድግዳ በክረምት ላብ አለው። ከሥሩ አራት ትንንሽ የባሕር ዛፍ ጉልቻ አድርጉለት፣ ወለል ሲታጠብ ውኃ እንዳይነካው።

መቀመጫ ለማድረግ ከፈለጋችሁ ክዳኑን አትመኑ፣ ስስ ነው። በልኩ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጽድ ወይም የባሕር ዛፍ ጣውላ አስቆርጡ፤ ክብደቱ ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ቋሚ እንጨቶች ላይ እንዲያርፍ አድርጉ፣ በላዩ አጎዛ ዘርጉ። እኔ ቤት በር አጠገብ ያለው እንዲህ ነው፤ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ይቀመጥበታል፣ ጫማው ውስጡ ይገባል። አልጋ አጠገብ ያለው ጋቢና ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) ይዟል። መንዝ የተሠራ ባና ሲታጠፍ የአንድ ሳጥን ልክ ነው፣ እንደተነጋገሩ። ውስጡን በታጠበ አቡጀዲ አልብሱት፣ ሱፉ ሚስማር እንዳይዘው። ብል እንዳይገባ በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ማስመታት ነው።

ሁለት ሳጥን በጎን አጋድማችሁ አንዱን ባንዱ ላይ ብትጭኑ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይወጣችኋል። ብሎኑ በስሱ ጎን ሳይሆን በማዕዘኑ እንጨት ውስጥ ይለፍ፣ የላይኛውም ግድግዳው ላይ ይታሰር፤ ልጅ ያለበት ቤት መጎተት አይቀርም። ጤና አዳምና አበባ መትከያም ይሆናል፣ ግን አፈሩን ቀጥታ ሳይሆን በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ጣሳውን ሳጥኑ ውስጥ።

ቡና ማፍያ አጠገብ ግን አይሆንም። ብዙ ሰው ረከቦት ሊያሳርፍበት ይፈልጋል፣ ለፎቶ ያምራል። ከሰሉ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ ትኩስ ሲኒ ነጭ ክብ ያትምበታል፣ ውኃው ሾልኮ ኮላውን ያገኘዋል። ግድ ካላችሁ ትልቅ ትሪ ከሥር ይሁን፣ ምድጃውም መሬት ላይ ይቆይ።

በነገራችን ላይ እንግሊዝ አገር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች ይሄንኑ ሳጥን ገልብጠው፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁመውበት፣ አንድ ክር ወጥረው ትልቅ የክር ሙዚቃ መሣሪያ ያደርጉት ነበር። የእኔ ልጅ ይሄን ከሰማ ወዲህ አንዱን ሳጥን በዓይኑ እየለካው ነው።

ክዳን የሌለው ሳጥን ብዙ ያጋጥማችኋል፤ ሲከፈት ስለሚሰበር ቀድሞ የሚጠፋው ክዳኑ ነው። አዲስ ስታሠሩ አናጢውን አሮጌ እንዲያስመስልላችሁ አትለምኑት። አዲሱ አዲስ መምሰል አለበት፤ ነገ የሚገዛው ሰው የቱ የድሮ፣ የቱ የናንተ እንደሆነ እንዲለይ። እኔ ከክዳኑ በታች ያሠራሁበትን ዓመት በእርሳስ እጽፋለሁ፣ በመጻፊያው እርሳስ።

ያ የፋቅኩት ሳጥን አያቴ ቤት ተመልሷል፣ ድንችም ተመልሶበታል። ባለፈው ፋሲካ ሄጄ ሳየው ፊት ለፊቱ ላይ በከሰል ትልቅ መስቀል ተሥሎበታል። «እንዳይጠፋኝ ነው» አለችኝ። ከሰል በእጅ ሲነካ ይለቃል፤ ሰም ልቀባበት ብዬ ጣሳዬን አወጣሁ። «ተዪው» አለች፣ «ሲደበዝዝ እደግመዋለሁ።»